የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት

አራት ኪሎ ቦርድ ሥር፣ ከቆመው ሰው መሐል፣
ጣቴ በመስታወቱ መስመር ይከተላል።
«ነርስ፣ ልምድ ሁለት ዓመት»፤ «ነርስ፣ ልምድ አራት»፤
የእኔ ግን ማኅተሙ ገና ያልደረቀ አንዲት ወረቀት ናት።
«ልምድ ሊሰጡ ልምድ ይሻሉ» አለኝ
የሒሳብ ምሩቁ፣ ከጎኔ የቆመው፤
ስቄ ሳልጨርስ ነው
ስልኬን የሰማሁት፣ ኪሴን ሲያንቀጠቅጠው።

በሁለት ቀን ውስጥ፣ እንዲህ ነው ነገሩ፣
ሁለት በር ተከፍተው ሁለቱም ተጣሩ።

ካዛንቺስ ያለው ክሊኒክ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ወለሉ ያንጸባርቃል፣ የገዛ ፊቴን ከእግሬ ሥር እስካይ።
«ለአንዱ ታካሚ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ «ስድስት ደቂቃ ይበቃል፤
ሐኪሙ ማታ የለም፣ ግን ስልኩን ያነሣል።»
ደመወዙን በትንሽ ወረቀት ጻፈና ገልብጦ ገፋልኝ፣
እንደ ቁማር ካርታ። ሳነሣው ጉሮሮዬ ደረቀብኝ።
የይትባረክ የኮሌጅ ክፍያ፣ የአክስቴ የቤት ኪራይ፣
ሁሉም ተሰልፈው ቆሙ በዚያች ቁጥር ላይ።

ሁለተኛው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ።
ደመወዙን የነገረኝ ሰው ጣራ ጣራ እያየ፣
«ጓንት አንዳንዴ ያልቃል» አለ፣ «ከዚህ የተለየ…»
አልጨረሰውም።

ካርድ ክፍል ወሰደችኝ ሲስተር አቦነሽ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «ይኼን ሰፈር ታውቂዋለሽ?»
ካርዶች መዘዘች፣ ጠርዛቸው እንደ ጆሮ የታጠፈ፤
የቤት ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣
«ይኼ ቤት ፈርሷል፤ ይኼም፤ በዚህኛው ላይ መንገድ አለፈ።»
«ሰዎቹስ?» አልኳት።
«ሰዎቹማ» አለች፣ «ሁለት ታክሲ ይዘው፣
ከኮዬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ በጨለማ ተነሥተው፣
ግፊቴን ለኪልኝ ብለው እዚሁ ይመጣሉ፤
እዚያም ጤና ጣቢያ አለ፤ ግን እኔን ያውቃሉ።»

ደጅ አግዳሚው ላይ ጋሽ ወልደሰንበት ተቀምጠው ነበር።
«ለኪ» አለችኝ። ለካሁ። «ደህና ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ በቁጥር።
እሷ ዝም ብላ ጎንበስ አለች፣ ካልሲያቸውን ገለጠች፣
አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጫን አደረገች፤
ጣቷ ተነሣ፤ ጉድጓዱ ግን ቀረ።
የተማርኩት ሁሉ፣ ገጹ ከነቁጥሩ፣ ያኔ መጣ፤ ምነው ቀድሞ በነበረ!
አልገሠጸችኝም።
«ነገ ራስሽ ታዪዋለሽ» ብቻ አለች፣ ካልሲውን እየመለሰች።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድኩኝ በእግሬ፣
ሁለቱን ደብዳቤ በአንድ ፌስታል አስሬ።
ጥቁር አንበሳ በር ላይ አምቡላንስ ሲገባ፣
መንገድ ለቅቄ ቆምኩ፣ እንደ እንግዳ፣ እንደ ሌባ።
ራሴን ጠየቅሁት፦
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሰው ትንፋሽ እጄ ላይ ሲሰምጥ፣
ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያ ስልክ ባይነሣ፣
ማንን ልጥራ? ወዴት ልሩጥ?
የማላውቀውን፣ አለማወቄን እንኳ የማላውቀውን፣
ማን ካልሲ ገልጦ ያሳየኛል እውነቱን?

አክስቴ ስነግራት ድስቱን አወረደች፤
«አብደሻል?» አለችኝ። ቆይታ ደገመች፣
«አብደሻል»፣ ያለ ጥያቄ ምልክት።
እውነት አላት፤ አልተከራከርኳት፤
ኪራይ በምክር አይከፈልም።
ይትባረክ ከደብተሩ ቀና ሳይል ሻይ ቀዳልኝ፤
ስኳር አልጨመረበትም።

የክሊኒኩን ደብዳቤ አልቀደድኩትም፤
መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ጀግና አይደለሁም።
ወር ሊያልቅ ሲል ቁጥሯን አየት አደርግና፣
መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ጠዋት ተረኛ ነኝና።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አዲስ ካርድ እየሞላሁት፣
«የቤት ቁጥር?» አልኳት፣ ልጅ ያዘለችውን እናት።
ዝም አለች ትንሽ።
«የድሮውን ጻፊው» አለችኝ።
ጻፍኩት።